ከአላስካ ያመጣሃት ትንሿ ቄጠማ

መስፍንዬ፣ የኔ ግትር፣

ከተለየኸኝ ዓመት ከመንፈቅ ሆነ። ያው ፌርፋክስ ሰፈር፣ ያው አፓርትመንት ውስጥ ነኝ። ግድግዳው ቀለም ተቀብቷል፤ ጠረጴዛህ ላይ የልብስ ስፌት መኪናዬን አስቀምጫለሁ። ጎረቤታችን እትዬ በላይነሽ ስምህ በተነሳ ቁጥር ያለቅሳሉ፤ ያ ጉዳቸው ትዝ ሲላቸው ደግሞ እንባቸውን ሳይጠርጉ ይስቃሉ።

ያን እንቁጣጣሽ መቼም አልረሳውም። ከአላስካ ረግረግ ለዕፅዋት ጥናትህ ለቅመህ ያመጣኸውን ሣር እንዲደርቅ ጋዜጣ ላይ ዘርግተኸው ወጣን። የቤታችን ቁልፍ ያላቸው እትዬ በላይነሽ፣ እሰይ፣ በአሜሪካ ቄጠማ ተገኘ ብለው ቤቱን ሙሉ ጎዝጉዘው ጠበቁን! እኔ ደሜ ፈላ። አንተ ግን፣ የቄጠማ ዘመድ ስለሆነ አልተሳሳቱም ብለህ እንኳን አደረስዎ አልካቸውና ተንበርክከህ ትለቅም ጀመር። እያንዳንዱን አገዳ በጣቶችህ መሀል እያሽከረከርክ ሦስት ጠርዙን ትዳስሳለህ። ከጣቴ የማትረዝም አንዲቷ ላይ ስትደርስ እጅህ ቆመ።

«እቺ ደግሞ የማን ልጅ ናት?» አልክ። በቃ፣ በዓሉም ዶሮ ወጡም ተረሳ።

ፕሮፌሰርህ ግን የታወቀችው ዓይነት ናት፣ ብርድ አቀጭጯት ነው አሉ። አንተ በማጉያ መነጽር አይተህ፣ ዘሯ በስሏል፣ ትንሽ ናት እንጂ ሕፃን አይደለችም፣ ሌላ ዝርያ ናት ብለህ ድርቅ አልክ። ማን ይስማህ? ሆስፒታል ተኝተህ እንኳ ከራስህ ሕመም ይልቅ ስለሷ ነበር የምትጠይቀኝ። መልሱን ሳትሰማ መሄድህ አንጀቴን ሲያቃጥለው ከረመ።

ባለፈው ሳምንት ፕሮፌሰሩ ራሳቸው ደወሉልኝ። በባስ ዌስትውድ፣ ዩኒቨርሲቲህ ድረስ ሄድኩ። ለካ እዚያው አላስካ ላለ የቄጠማ ዐዋቂ ልከዋት፣ ሰውዬው አመሳክሮ አንተ እንዳልከው ሌላ ዝርያ ናት ብሏል። የደረቀችው ቄጠማህ ወፍራም ወረቀት ላይ ተጣብቃለች። በዚህ ሙያ የተሳሳተ ስም አይፋቅም አሉኝ፤ ትክክለኛው አጠገቡ ይለጠፋል። የሳቸው ስሕተት ከነፊርማቸው አለ። ከጎኑ የዝርያዋ ስም፣ ከሥሩ ደግሞ ለይቶ ያወቃት ሰው፣ አንተ። ፕሮፌሰሩ ከወንበራቸው ተነስተው ቆመው ነው ያሳዩኝ። አለቀስኩ። ግን ኮርቼ ነው፣ መስፍንዬ፤ እንዲህ ያለ ዓይን የሰጠህ አምላክ ይመስገን እያልኩ ነው።

ልጃችን ገና ፊደል አልቆጠረችም። የለየች ዕለት እጇን ይዤ እዚያ እወስዳታለሁ፤ በሕይወቷ መጀመሪያ የምታነበው የአንተን ስም ይሆናል።

ያንተዋ አልማዝ