ጥርሴን ላስነቅል ስሄድ

ይድረስ ለእንግዳው፣

ባለፈው ቅዳሜ ሳንቃ በር ገበያ ላይ ጭነት ስናወርድ፣ «የበቅሎ አፍ ይከፍታል፣ የራሱን መክፈት ይፈራል» ብለህ በባለበቅሎው ሁሉ ፊት ያሳቅህብኝን አልረሳሁትም።

የዛሬውን የጭነት ተራዬን አንተ ያዝልኝ። በቅሎዬን ቡላን ግን አትጫናት፣ ጀርባዋ አልዳነም።
የቁስሏን መድኃኒት የጨረስኩት እኔ ነኝ። ጥርሴ ላይ ባደርገው ድዴን ላጠው።

ፊቴ አብጦ ግራ ዓይኔ ተከድኗል። ሐኪሙ ዛሬ ካልተነቀለ መግሉ ወደ ደምህ ይገባል ብሎ ለሦስት ሰዓት ቀጥሮኛል። መርፌውን ፈርቼ ሁለት ጊዜ ከክሊኒኩ በር ተመልሻለሁ። ዛሬ ወንበሩ ላይ ስቀመጥ ዓይኔን ጨፍኜ በቅሎ እየነዳሁ ዳገቱን በልቤ እወጣለሁ። ሌላ ዘዴ አጣሁ።

የቡላ ገብስ ከአልጋዬ ሥር ነው።
እዚያው ከቀረሁ ቡላ ያንተ ናት፤ እንዳትሸጣት።
ክሊኒኩ ከመናኸሪያው ጀርባ ነው፣ ምናልባት ሰው ከጠየቀህ።

ትናንት ከሥራ ስንመለስ «አገኘሁ፣ አብሬህ ልሂድ እንዴ?» አልከኝ። «የምሬን እኮ ነው» ብለህ ደገምከው።
ጋቢዬን ፊቴ ላይ ጠቅልዬ ጥዬህ ሄድኩ። ቀጠሮው ሦስት ሰዓት ነው።

አገኘሁ