እንዳትመረጪ የተሳልኩት ጧፍ

የእኔ ልጅ ገሊላ፣ ያለሽበትን ብርድ ማርያም ታሙቅልሽ። እኛ ደህና ነን። እዚህ ሰፈራችን ሳጃና መብራቱ መጣ ሄደ ቢልም ተመስገን ነው፤ አባትሽም ጉልበቱ ተሽሎት ሱቁን ከፍቷል።

ለትምህርት ቤታችሁ የተማሪ ምክር ቤት ልወዳደር ነው ያልሽኝ ዕለት እንቅልፍ አጣሁ። አንቺ ሳትወለጂ እዚህ ዩኒቨርሲቲ በር ላይ ሻይ ስሸጥ፣ ዐረቦቹ ኢንቲኻባት የሚሉት የተማሪ ምርጫ በመጣ ቁጥር ዱላ ይመዘዝ ነበር። ያሸነፈውም የተሸነፈውም ተፈንክቶ ሲያልፍ አይቻለሁ። ስለዚህ ለአባትሽ ሳልነግር፣ እንዳትመረጪ ለማርያም ጧፍ ተሳልኩ። ጎረቤታችን ሉጥፊያ ሰምታ፣ «አንቺ ሴት፣ ሰው ልጁ እንድትሸነፍ ይሳላል እንዴ? ወላሂ፣ አላህ ይቅር ይበልሽ» አለችኝ።

ትናንት ተሸነፍኩ ስትዪኝ እልል ልል ምንም አልቀረኝም። ኋላ የላክሽውን ፎቶ አየሁ። ያሸነፈችሽ ልጅ አንገትሽን አቅፋ፣ ከአንድ ሳህን ኬክ ትበላላችሁ። እፎይ ብዬ ተቀመጥኩ፤ ወዲያው ደግሞ አፈርኩ።

ወንድምሽ ቢኒያምም ለክፍል አለቃ ተወዳድሮ ነበር። እነሱ ተወዳዳሪዎቹን ፊታቸውን ወደ ሰሌዳ አዙረው ያቆሙና ሌላው እጁን ያወጣል። የእኛው ዞር ብሎ አጮልቆ፣ እጁን ያላወጣለትን ጓደኛውን እስካሁን እንዳኮረፈው ነው። የእናንተ በወረቀት መሆኑ ደግ ነው።

ማርያም በሰው ፊት ሞገስ ትስጥሽ። አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ፤ ለከርሞ ኢንሻላህ እንደገና ተወዳደሪ። እሑድ ስለቴን ላስገባ ስሄድ ሁለት ጧፍ ነው የምይዘው፤ ሁለተኛው እንድትመረጪ ነው።

እናትሽ በቀለች