ለለተብርሃን፣ ስለ ሁለቱ ሞተሮች

ለተይ፣ የኔ ሆድ፣

ከተለያየን ሁለተኛው ክረምት ወጣ። ሰው እንዴት ነህ ሲለኝ ደህና ነኝ እላለሁ፤ ላንቺ ግን መዋሸት አልችልበትም። ልጃችን ሰላም ዩኒቨርሲቲ ሐዋሳ ደርሷት ከሄደች ወዲህ ቤቱ ፀጥ ብሏል። ከሥራ ስገባ ሬዲዮ እከፍታለሁ። የሚያወራውን አልሰማውም፤ ብቻ ሰው ያለ እንዲመስለኝ ነው። ውሃው ዛሬም በፈረቃ ነው። ከመቀሌ ዳር ዓይናለም ወርጄ ለከተማው ውሃ የሚስቡትን የጉድጓዶች ፓምፕ ስጠግን ውዬ ሰፈራችን ሓድነት ስመለስ ቧንቧችን ደርቆ ይጠብቀኛል። ጎረቤቶች "የውሃው ሰውዬ ተጠማ" እያሉ ይስቁብኛል። መልስ የምትሰጪያቸው አንቺ ነበርሽ። ከሁለቱ በርሜሎች አንዱን ለጎረቤት ሰጠሁት፤ ለአንድ ሰው በዛ።

ዛሬ የምጽፍልሽ ግን ስለ ሞተር ነው።

ትንሿ ሞተር ሳይክላችን ባለፈው ዓመት አረፈች። ጠዋት ጠዋት ከኋላዬ ተቀምጠሽ ወደምታስተምሪበት ትምህርት ቤት ሳደርስሽ፣ ኮብልስቶኑ ወገብሽን እያሳመመሽ፣ "ኣንታ ወዲ ሸዋ፣ አንተ የሸዋ ልጅ፣ አስተማሪ ነው የጫንከው ወይስ ጤፍ?" ትይኝ ነበር። ትልቅ ሞተር የመግዛት ሐሳብ የመጣው ያኔ ነው። ከኋላ መደገፊያ ያለው፣ አንቺን የማያናውጥ፣ ደብረ ብርሃን እናቴ ደጅ ድረስ የሚያደርሰን። መንገዱን በቃልሽ ትወጪው ነበር፤ ምሳ መኾኒ፣ አዳር ደሴ። ከዚያ ታመምሽ። ሞተሩንም ደብረ ብርሃንንም ማንሳት ተውን።

ጥቅምት ላይ፣ ሞተራችንን ሲጠግንልን የኖረው ኪሮስ ደወለልኝ። ጋራዡ ውስጥ ሁለት ትልልቅ ሞተሮች ቆመዋል። አንደኛው መንገድ ሲያሠራ የነበረ የውጭ አገር መሐንዲስ ወደ አገሩ ሲመለስ የሸጠው ነው፤ ሰፊና ከባድ፣ ለረጅም የአስፋልት ጉዞ የተሠራ፣ የኋላ ወንበሩ መደገፊያና የክንድ ማሳረፊያ ያለው። ኪሮስ "ሶፋው" ይለዋል። ሌላውን አፍሪካን በሞተር ሲዞር ታሞ በአውሮፕላን የተመለሰ ፈረንጅ ነው ትቶት የሄደው፤ ቀጭን፣ እግረ ረጅም፣ ጎማው ጥርሳም፣ አስፋልት ድንጋይ የማይለይ። እሱን ደግሞ "ግመሉ" ይለዋል። "ሁለቱንም ንዳቸው፤ ከዚያ ልብህ ይነግርሃል" አለኝ።

መጀመሪያ ሶፋው ላይ ወጣሁ። አስነሳሁትና ቆምኩ። ኪሮስ ጠበቀ፣ ጠበቀና "ፍሪሲዮኑ እምቢ አለህ እንዴ?" አለኝ። ፍሪሲዮኑ ደህና ነበር። ለካስ አንቺ ከኋላ ተመቻችተሽ ትከሻዬን መታ መታ እስክታደርጊኝ እየጠበቅኩ ነው። አብረን ስንሆን መታ ሳታደርጊኝ ተነስቼ አላውቅማ። ማርሽ አስገባሁ። እስከ ኲሓ ወጥቼ ተመለስኩ። አይናወጥም፣ አይጮህም፤ ልክ እንደተመኘነው ነው። ነፋሱ ግን በጀርባዬ ይገባ ነበር። አንቺ ከኋላዬ እያለሽ ጀርባዬን በርዶኝ አያውቅም።

በማግስቱ፣ ቅዳሜ፣ ግመሉን ወሰድኩ። ቁመቴን ታውቂዋለሽ፤ ስቆም መሬት የሚደርስልኝ የእግሬ ጣት ብቻ ነው። እስቲ ድንጋይ ላይ ልሞክረው ብዬ ወጣሁና፣ ውቅሮን አልፌ ወደ እናትሽ አገር በሚወስደው ጥርጊያ ታጠፍኩ። ከተዝካርሽ ወዲህ እዚያ ወዳለው መቃብርሽ የሚወስደኝ መኪና አላገኘሁም ነበር፤ ሾፌሮቹ መንገዱን የሚቆርጠውን ወንዝ ስም ሲሰሙ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ግመሉ ወንዙ መሐል ጣለኝ። ሱሪዬ ረጥቦ፣ ክርኔ ተልጦ፣ እያቃሰትኩ አነሳሁት። ሶፋው ቢሆን ኖሮ እዚያው ይቀር ነበር። ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ገብቼ አጠገብሽ ተቀመጥኩ። መንገዱን ሙሉ የምነግርሽን ሳሰላስል ነበር የመጣሁት፤ ስደርስ አንድ ቃል አልወጣኝም።

ከዚያ እናትሽ ዘንድ ወረድኩ። በራፉ ላይ ፊት ለፊታቸው ብቆምም አላወቁኝም። ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል። ድምፄን ሲለዩ ፊቴን በእጃቸው ዳስሰው "ከሳህ፣ ዝወደይ፣ ከሳህ ልጄ" አሉኝ። ወንድምሽ ተኽለ መቀሌ ሐኪም ቤት ሊወስዳቸው ቢለምናቸው፣ "እስከ አስፋልቱ በእግሬ አልችልም" ብለው እምቢ እንዳሉት ነገረኝ። እጃቸውን ይዤ ሞተሩን አስዳሰስኳቸው። መሪውን፣ ወንበሩን፣ ጎማውን ነካክተው ሲያበቁ፣ "በቅሎ ነው በለኛ! በቅሎ መቼ ፈርቼ አውቃለሁ!" አሉ።

በነጋታው ጠዋት ከድንጋይ አጥሩ ላይ ተረማምደው ወጡበት። ተኽለ ወንዙን እስክንሻገር ከጎን ደግፏቸው ሄደ። እኔ ድንጋይ ድንጋዩን እየሸሸሁ ስነዳ እሳቸው ወሬያቸውን ይዘዋል። ልጅ ሳለሽ የአጎትሽን በቅሎ ሳታስፈቅጂ ጋልበሽ ገበያ ድረስ መሄድሽን፣ ሊያወርዱሽ ሲሉም አልወርድም ብለሽ ሰው መንከስሽን ያን ቀን ሰማሁ። ይህን ሁሉ ዘመን አብረን ስንኖር አንድ ቀን እንኳ አልነገርሽኝም! ከት ብዬ ሳቅኩ። የገዛ ሳቄን ሰምቼ ደነገጥኩ፤ ከጠፋ ቆይቶ ነበር።

ቀዶ ሕክምናው ሠመረ። ፋሻው የተፈታ ዕለት እቤት ገብተው ሳሎን የተሰቀለው ፎቶሽ ፊት ቆሙ። መስታወቱን በነጠላቸው ጠረግ አድርገው፣ "ሽበት ጀምሯት ነበር እንዴ?" አሉ። በመጨረሻዎቹ ዓመታት በድምፅሽ ብቻ ነበር ለካ የሚያውቁሽ። ሁለታችንም እዚያው ቆመን አለቀስን። ጥቂት ሳምንት አብረውኝ ሰነበቱ። ጠዋት ከእንቅልፌ ስነቃ ቤት ውስጥ የሰው ኮቴ ይሰማኝ ነበር። ከዚያ ወደ ደጃቸው መለስኳቸው፤ ብቻዬን የተመለስኩበት መንገድ ግን አላልቅ አለኝ።

ግመሉን ገዛሁት። ሶፋውን አንድ ነጋዴ ወሰደው። ባለፈው እሑድ ሮማናት አደባባይ አጠገብ አየሁት፤ ሚስትየው ከኋላ ተደግፋ፣ ሻሿን አስራ፣ በባሏ ጆሮ አንድ ነገር እየነገረችው ትስቃለች። ዳር ሳልይዝ ቆምኩና እስኪሰወሩ ድረስ ተከተልኳቸው በዓይኔ። መኪኖች ከኋላዬ ጡሩንባ ሲነፉብኝ ነው የነቃሁት። በምርጫዬ አልተቆጨሁም፣ ለተይ። ያንን መደገፊያ ባዶውን ይዤ ከተማ ለከተማ መዞር አልችልም ነበር።

አሁን መንገዱን ለምጄዋለሁ። የት ጋ አሸዋ እንደሚበዛ፣ የት ጋ ድንጋዩ እንደሚያንሸራትት አውቃለሁ። በሕይወት እስካለሁ እየመጣሁ አይሻለሁ። ሰላም ስትመጣም ይዣት እመጣለሁ፤ እኔ ቃል ባይወጣኝ እሷ ታወራሻለች። ሐምሌና ነሐሴ ግን ወንዙ ይሞላል፤ አንዳንድ ቀን ይዞኝ ልዘገይ እችላለሁ። ብዘገይ ረስቶኝ ነው እንዳትዪ። ከወንዙ ማዶ ቆሜ፣ ውሃው እስኪጎድል እየጠበቅኩ ነው።

ባልሽ