እንትፍ እንትፍ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 7 ቀን 1975 ዓ.ም.

ዛሬ ለእናቶችና ሕፃናት የጤና ጥናት ሽሮ ሜዳ ወጥቼ የአልማዝን የመጀመሪያ ልጅ መዘንኩ። አልማዝንም በጃንሆይ ጊዜ፣ እዚያው ቤት፣ የመዘንኳት እኔ ነኝ። ያኔ እናቷ እማማ ተዋበች፣ «መጀመሪያ እንትፍ እንትፍ በይባት፣ ዓይን እንዳያርፍባት» ብለው ሚዛኑን ይይዙብኝ ነበር። እኔ ነርስ ነኝ ብዬ ብኮራም፣ እንትፍ ሳልል አይለቁኝም ነበር።

እሳቸው አምና አረፉ። ዛሬ አልማዝ እንትፍ በይበት ሳትለኝ ሕፃኑን ሰጠችኝ። «እንቅልፍ ይወስድሻል?» የሚለውን የጥናቱን ጥያቄ ስጠይቃት፣ «ተመስገን፣ ደህና ነኝ» አለች፤ ፊቷ ግን ጠቁሯል። ሕፃኑን ሚዛኑ ላይ ሳንጠለጥለው፣ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ «እንትፍ እንትፍ» አልኩበት። ቀና ብላ አይታኝ ሳቀች። ሳቋ ቁርጥ የእናቷ ነው።

«ሲስተር፣» አለችኝ፣ «እማዬ ከሞተች ወዲህ እንቅልፍ የሚባል አላውቅም።»