የሰሰትኩት መንደፊያ

መካነ ብርሃን፣ ሐሙስ ኅዳር 19 ቀን 2017

ዛሬ አዲስ አበባ፣ ፓተንት የሚሰጠው ቢሮ ደወልኩ። በእግር የሚረገጥ የበግ ጠጉር መንደፊያ ሠርቻለሁ፤ ይመዘገብልኛል ወይ አልኩት ሰውየውን።

«ለሰው አሳይተውታል?» አለኝ።

«ኧረ ለማንም!»

«ደግ አደረጉ። ሰው ቀድሞ አይቶት ቢሆን አዲስ ነው ብለን ለመመዝገብ ያስቸግረን ነበር። አሁን ያመልክቱ።»

ክፍያውን ሲነግረኝ ሳቄ አመለጠኝ፤ ለብየዳው ካወጣሁት ያንሳል!

የመንደፊያውን ድምፅ የሰሙ ጎረቤቶቼ «ምነው ብታሳዪን?» ሲሉኝ በር እየዘጋሁ፣ ንፉግ ተብዬ ከርሜአለሁ። ጠጅቱማ ለቅሶ ቤት፣ ሰው መካከል ነው የሰደበችኝ።

ማመልከቻዬ ይግባ እንጂ በሬን ወለል አድርጌ እከፍታለሁ። ያሻው ጠጉሩን ይዞ መጥቶ ይንደፍ። ጠጅቱም ትምጣ።

ግን መጨረሻ ትሰለፋለች።