እኔ ጋሽ ልጓም አይደለሁም

ቅዳሜ፣ ኅዳር 9 ቀን

ለምወድሽ እትዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? አዲሱ ፈረቃ ተስማማሽ? እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ የምልሽ አጥንቴ ስላልተሰበረ ነው እንጂ ሆዴስ ከነደደ ሰንብቷል። ባለፈው በስልክ ያልሽኝን እስካሁን አልዋጥኩትም። "ማን ያውቃል፣ እውነት ሊሆን ይችላል እኮ" ብለሽ ሳቅሽ። ሌላ ሰው ቢለኝ ግድ የለኝም። አንቺ ግን ያሳደግሽኝ ነሽ። በስልክ እያቋረጥሽኝ ነገሩ ስለተበላሸ አሁን ከሥሩ ልጻፍልሽ፤ ወረቀት አታቋርጪም።

በዚህ የግልቢያ ትምህርት ቤት በጊዜያዊነት ስቀጠር ሥራዬ መኖ መቆጣጠር ብቻ ነበር። ፈረስ ነክቼ አላውቅም። ዩኒቨርሲቲ የተማርነው ላምና ዶሮ ነው፤ ፈረስ ግን አስተማሪው "ራሳችሁ አንብቧት" ብሎ ያለፋት የመጨረሻዋ ምዕራፍ ነበረች። ያደግነውም ድመት እንኳ በተከለከለበት ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። አንድ ቀን ታዲያ ዳማ የምትባለው ባዝራ ኮቴ የሚሞርደውን ሰውዬ ግድግዳ ላይ ለጠፈችው። ሁሉም ገመድ ፍለጋ ሲራወጥ እኔ የመኖ መስፈሪያዬን እንደያዝኩ ገባሁ። ፊቷን አላየሁም። ትከሻዬን ሰጥቻት ቆምኩና ትንፋሿ እስኪረግብ ጠበቅኩ። ቆይታ ጭንቅላቷን ክንዴ ሥር ወሸቀች። ለምን እንደዚያ እንዳደረግኩ አትጠይቂኝ፤ እጄ ከእኔ ቀድሞ ያወቀ ይመስላል።

ሥራ አስኪያጁ ከበሩ ላይ ሆኖ "ጋሽ ልጓም!" ያለው ያን ጊዜ ነው።

ጋሽ ልጓም ዕድሜውን ሙሉ እዚህ ፈረስ ሲያሠለጥን ኖሮ፣ እኔ በተወለድኩበት ዓመት ግቢው ውስጥ ወድቆ የሞተ ሰው ነው። እሱም ትከሻውን ሰጥቶ ነበር አሉ የሚቆመው። በቃ። ሥራ አስኪያጁ ነፍስ በሌላ ሰው ትመለሳለች የሚል መጽሐፍ አንብቧል፤ ሌላ ያነበበው ነገር ያለ አይመስለኝም። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔ የለሁም። ዳማን ልጆች እንዲጋልቧት አበቃኋት፤ "የጋሽ ልጓም እጅ መቼ ተበላሸ" ተባለ። ግራጫው ፈረስ ጥሎኝ ክንዴ አበጠ፤ "ጋሽ ልጓምም በግራ ጎኑ ነበር የሚወድቀው" ተባለ። ኮቴ የሚሞርደው ሰውዬማ ጠዋት ጠዋት ኮፍያውን አንስቶ "እንዴት አደሩ ጋሼ? ጉልበትዎ ተሻለዎት?" ይለኛል። አንዲት ደንበኛ መጥታ "እኔስ ባለፈው ሕይወቴ ማን ነበርኩ?" አለችኝ። "ደንበኛ" አልኳት። ሥራ አስኪያጁ ለዚህ ተቆጣኝ።

የአሠልጣኝነቱ ቦታ ክፍት ነው። ለእኔ ይገባል ስለው ይስቃል። "እሱማ ያንቺ ነው። ለደንበኞቹ አንድ ቃል ብቻ ተናገሪ፤ እሱ ነኝ በይ" ይለኛል። አልልም አልኩ። ውሌ ደግሞ በዚህ ወር ያበቃል። እትዬ፣ የኔ የምለው ምን አለኝ? የኔን ዓይነት ዲግሪ ይዞ ሥራ ፈላጊ ሰልፍ ላይ የቆመው ስፍር ቁጥር የለውም። ይኼ ግን የራሴ ነበር፤ ማንም ያልሰጠኝ።

ሐሙስ ዕለት ቆረጥኩ። ወይ በራሴ ስም ቅጠረኝ፣ ወይ ደህና ሁን ልለው ወደ ቢሮው ስሄድ፣ እሱ ራሱ አንዲት አሮጊት ደግፎ መጣ። የጋሽ ልጓም ሚስት ናቸው። ደንበኞቹ ፊት እንዲመሰክሩለት ነው ያመጣቸው።

አጥሩ ሥር የፕላስቲክ ወንበር ተሰጣቸው። ዳማን በረጅሙ ገመድ ሳዞራት ብዙ አዩኝ። ከዚያ "እናንተ እስቲ ሂዱልኝ" ብለው ሌላውን ሁሉ አባረሩና እኔን በጣታቸው ጠሩኝ።

"ያን የመጨረሻ ዕለት ጠዋት" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ባጠብኩት ወለል ላይ በጭቃ ጫማ ቢገቡ ጮህኩብዎት። ደህና ዋሉ እንኳ ሳልልዎት በሩን ዘጋሁ። ተቀይመውኝ ነው የሄዱት?"

ዐይናቸው ዐይኔን አልለቅ አለ።

"አልተቀየምኩም" አልኳቸው። "መንገድ ላይ ስደርስ ረስቼዋለሁ።"

ቀስ በቀስ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። የሚያለቅሱ መስሎኝ ደነገጥኩ፤ ለካ እየሳቁ ነው።

"አይ ልጄ" አሉ ዐይናቸውን በመዳፋቸው እየጠረጉ፣ "እሱ ቢሆን ሳምንት ሙሉ ያኮርፍ ነበር። እንደሱ ያለ ቂመኛ አልተፈጠረም። እኔ ምሳ ሳቀርብለት እሱ ከግድግዳው ጋር ያወራል። ደግሞ ፈረስ ሲያሠለጥን ስድቡ አያድርስ ነው። አንቺ አፍሽን ሳትከፍቺ ነው የምትሠሪው። ይኼ ያንቺ ነው።"

እንደዚያ ያለኝ ሰው አልነበረም፣ እትዬ። አንቺም አላልሽኝም።

"ምንድነው የምትፈልጊው?" አሉኝ።

"ሥራውን። በራሴ ስም።"

"ሁለቱንም?"

"ሁለቱንም።"

"ገና ልጅ ነሽ" አሉና ክንዴን ይዘው ተነሡ።

ሥራ አስኪያጁ ከደንበኞቹ ጋር ቆሞ ይጠብቀናል። "እሺ እማማ፣ እሱ ነው?"

አሮጊቷ ክንዴን በጥፍራቸው ቆነጠጡኝ። "እሱ ነው እንጂ። የገዛ ባሌን አላውቀውም?" አሉት ቁጣ ቁጣ እያላቸው። "በል አሁን ሰውዬውን አታጉላላው፤ ሥራውን ስጠው።"

አፌን ከፈትኩ። እውነቴን ነው፣ ከፍቼው ነበር። መልሼ ዘጋሁት። ደንበኞቹ አጨበጨቡ፤ ለማን እንደሆነ አንቺው ገምቺ። ከፊታችን ሰኞ ጀምሮ ቋሚ አሠልጣኝ ነኝ።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፣ አይደል? ይኸው ስበሳጭ ሰነበትኩ። በሴትየዋም ልናደድ ሞከርኩ፣ አልሆነልኝም። እሱ አለመሆኔን አይተው ያወቁት እሳቸው ብቻ ናቸው፤ እሳቸው ደግሞ እሱ ነው ብለው ሄዱ። ለእኔ ብለው እንደሆነ ይገባኛል። መግባቱ ነው የባሰ የሚያበሽቀኝ።

ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ አድርጊልኝ። እዚያ የሚያውቁሽ ሰዎች ታናሽሽ ምን ትሠራለች ብለው ሲጠይቁሽ፣ ፈረስ ታሠለጥናለች በያቸው። ከየት አመጣችው ካሉሽ፣ ከራሷ በይ። መጀመሪያ ግን አንቺ እመኚው።

አምላክ ጤናሽን ያብዛልሽ፣ የዚያን አለቃሽን ልብ ያራራልሽ፣ እኔንም ዐይንሽን ለማየት ያብቃኝ።

ከአሁን በፊት ማንም ሆኜ የማላውቅ፣
ታናሽሽ