የክርኔ መድኃኒት ለአውራ ጣትሽ አይሆንም

ለምወድሽና ለምቆጣሽ ልጄ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበትሽ? ጤናሽ እንዴት ነው? እንቅልፍሽስ፣ የምግብ ፍላጎትሽስ? ክፍልሽ አሁንም ይበርዳል ወይ? አብራሽ የምትኖረው ጓደኛሽስ ደኅና ናት? እኛ ደኅና ነን። እናትሽ ደረጃ ስትወጣ ጉልበቷን ያማታል እንጂ ምላሷ ጤነኛ ነው። እህትሽም ደኅና ናት። የእኔም ክርን ከሞላ ጎደል ድኗል። ከናፍቆትሽ በቀር የጎደለብን ነገር የለም፤ እሱም ቢሆን ቤቱን ሞልቶታል።

አሁን ወደ ቁጣዬ ልግባ። እሑድ ዕለት ከእህትሽ ጋር በስልክ እየተያያችሁ ስታወሩ እኔ እንደ ልማዴ ከጎን ተቀምጬ ነበር። አያየኝም ብለሽ ነው መሰለኝ፣ የሻይ ብርጭቆሽን እንደ ጫጩት በሁለት መዳፍሽ አቅፈሽ አነሣሽው። ቀጥለሽም የብስኩቱን ላስቲክ በጥርስሽ ቀደድሽው። ልጄ፣ አጠገቤ ቆመሽ በዚያች ቀኝ እጅሽ ምስማር እያቀበልሽኝ ነው ያደግሽው። ፊትሽ ቢዋሸኝ እጅሽ አይዋሸኝም። ስልኩ እንደተዘጋ እህትሽን ያዝኋት። መጀመሪያ "ምንም የለም አባዬ" አለች፤ ኋላ ግን አወጣችው። ሥራ ቦታሽ፣ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ የሳሙና ውሃ አንሸራትቶሽ የእርጥብ አንሶላ ቅርጫት እንደያዝሽ ወድቀሽ፣ የቅርጫቱ ጆሮ አውራ ጣትሽን ወደ ውጭ ጠምዝዞት ኖሯል። ይኸው ሳምንት አለፈው፤ ለአለቃሽም አልነገርሽም፤ ሐኪምም አላየሽም።

መውደቁስ ይሁን፣ የእግር ጥፋት ነው። ያንገበገበኝ ሕክምናሽ ነው። "አባዬ ክርኑን እያንቀሳቀሰ አይደል የዳነው? እኔም አውራ ጣቴን ጠዋት ማታ እያሸሁ፣ እየጎተትሁ አፍታታዋለሁ" ብለሻታል አሉ። የእኔን የክርን መድኃኒት ለአውራ ጣትሽ ማን አዘዘልሽ? የአባቴ ጫማ ነው ብሎ እጅ ላይ እንደማጥለቅ እኮ ነው!

የእኔን ነገር ከነሥሩ ስሚው። ቁም ሣጥን ስገጥም ከቆምሁበት በርጩማ ወድቄ መዳፌን መሬት ላይ ስተክል፣ ክርኔ በውስጥ በኩል አበጠ፤ ጠቆረም። ከወንበር ልነሣ በእጄ ስደገፍ ክርኔ እንደ ላላ የጠረጴዛ እግር ይከዳኝ ጀመር። ታች ያለው ፀጉር አስተካካይ፣ ያ ሬዲዮ የምንለው፣ "በዘይት ይታሽ፤ ጥብቅ ተደርጎ ይታሰር፤ ወር ሳይሞላው እንዳይፈታ" ብሎ ፈረደ። እኔም አሰርሁት። እህትሽ ጨቅጭቃ ጤና ጣቢያ ወሰደችኝ። ሐኪሙ በራጅ አየው፤ አጥንቴ አልተሰበረም፣ ከቦታውም አልወጣም። የቀለበት ጣቴና ትንሿ ጣቴ ይደነዝዙኝ እንደሆነ ደጋግሞ ጠየቀኝ። በክርን ውስጥ በኩል የሚያልፈው ነርቭ ሲጎዳ የሚደነዝዙት እነሱ ናቸው፣ ያ ከሆነ ደግሞ ማደር የለበትም አለኝ። የእኔ ጉዳት አጥንትን ከአጥንት የሚያስረው ጅማት ላይ ነው፤ ተስቧል፣ ጥቂትም ተቀድዷል እንጂ አልተበጠሰም። ለጥቂት ቀን እጄን በጨርቅ አንገቴ ላይ ካንጠለጠልሁ በኋላ ቀስ እያልሁ እንዳንቀሳቅሰው ወደ ፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ላከኝ። እኔ እንደምታውቂኝ ተከራከርሁ። "አባባ፣ የበር ማጠፊያ ዓመት ሙሉ ሳይከፈት ቢከርም ምን ይሆናል?" አለችኝ። "ይዝጋል" አልኋት። "ታዲያ ምን ያከራክረናል?" ብላ ሳቀችብኝ። አንቺ የያዝሽው የዚህን ታሪክ ጭራ ነው።

ማክሰኞ ዕለት ቀጠሮዬ ሳይደርስ ስለ አንቺ ልጠይቃት ሄድሁ። ነገሩን ስነግራት ሳቋን ዋጠችው። አውራ ጣት ሌላ ነው አለች። የክርን ጅማት ሲጎዳ መድረቅ ነው የሚፈራው፤ የአውራ ጣት ጅማት ሲቀደድ ግን መላላት ነው የሚፈራው። እኔ እንደ ገባኝ፣ ብሎኑ የተነቀለ ማጠፊያ ማለት ነው። እንዲህ ያለውን በር እየከፈቱ እየዘጉ ቢያለማምዱት ቀዳዳው ይሰፋል እንጂ ብሎኑ አይመለስም።

ስለዚህ እጅሽን አውጪና እይው። አውራ ጣትሽ ከመዳፍሽ የሚገናኝበት ቦታ፣ በሌባ ጣትሽ በኩል ባለው ጎኑ አብጧል? ጠቁሯል? ነካ ሲያደርጉት ያማል? ቁልፍ ስታዞሪ፣ የልብስ መቆንጠጫ ስትጫኚ ጣትሽ ይከዳሻል? እንዲህ ከሆነ ጅማቱ ነው። እዚያው አጠገብ ደንደን ያለ እብጠት ካለ ደግሞ ይብሳል፤ የተበጠሰው ጫፍ ከቦታው ሸሽቶ ሊሆን ይችላልና በራሱ አይገጥምም። ላልቶ እንደሆነ ልየው ብለሽ ወደ ውጭ እንዳትለጥጪው። እሱን ሐኪም ያየዋል፤ ያውም ከራጅ በኋላ፣ ጅማቱ የአጥንት ስባሪ ይዞ ተነቅሎ ሊሆን ስለሚችል። እስከዚያው ማሸት የለም፤ መጎተት የለም፤ የቅርጫት ጆሮም የለም። ቀለበት ካለሽ አውልቂው። በረዶ በጨርቅ ጠቅልለሽ ለጥቂት ደቂቃ ያዢበት፤ እጅሽንም ከፍ አድርገሽ አሳርፊው። ጅማቱ በከፊል ከተቀደደ አውራ ጣቱ በድጋፍ ታስሮ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ያርፋል፤ እንቅስቃሴው ከዚያ በኋላ ነው። ጨርሶ ተበጥሶ እንደሆነ ግን ብዙ ጊዜ በቀዶ ጥገና ይሰፋል። ይህም የሚያምረው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው፤ ከዘገየ መጠገኑ ይከብዳል፤ እጅሽም ዕድሜ ልኩን ቆንጥጦ መያዝ ያቅተው ይሆናል። አንዱ ሳምንት ሄዷል፤ ሁለተኛውን አልፈቅድልሽም።

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋም "ለምን ቅርጫቱን አልለቀቀችውም?" ብላ ጠየቀችኝ። ምን ልበላት? በእኔ ቤት የያዙት ነገር አይጣልም፤ ይህን ታውቂያለሽ። ሕጉ ትክክል ነው፤ አላነሣውም። ነገር ግን የወጣው ለቆመ ሰው ነው። የሚወድቅ ሰው ይልቀቅ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ለአለቃሽ ያልነገርሽበትን ምክንያት እህትሽ መጨረሻ ላይ ነው ያመነችልኝ። የሕመም ቀን ከወሰድሽ ወደ እኛ የምትመጪበትን እረፍት እንዳይሰርዝብሽ ፈርተሽ ነው አሉ። ይህን ስሰማ ተነሥቼ ወጣሁ፤ መጋዙን አንሥቼ የማይፈለግ እንጨት ስቆርጥ ቆየሁ። ልጄ፣ እኔ የዚህን እረፍት ነገር አፌን ሞልቼ አላወራሁም፤ ሽማግሌ ቀን ሲቆጥር ያስቃል። ነገር ግን በር በተንኳኳ ቁጥር እናትሽን የምቀድማት እኔ ነኝ። አልጋሽን ደግሞ ሲጢጥ እንዳይል እንደ አዲስ ገጥሜዋለሁ፤ የፎጣ መስቀያሽንም ሳትንጠራሪ እንድትደርሺበት ከነበረበት ዝቅ አድርጌዋለሁ። እናትሽ "ልጅቷ እኮ አላጠረችም" ብላ ስቃብኛለች።

እንግዲህ እኔው ነኝ አትምጪ የምልሽ። ይህን ደብዳቤ እህትሽ ዛሬ ማታ በስልኳ ፎቶ አንሥታ ትልክልሻለች፤ ነገ ጠዋት ለአለቃሽ ንገሪው፤ ከዚያው ወደ ሐኪም ሂጂ። እረፍቱን ቢወስደው ይውሰደው፤ ሌላ ዓመትም ዓመት ነው። ጣትሽ ግን ሌላ የለውም። ደብዳቤም ቢሆን ጣትሽ እስኪፈታ በእጅሽ እንዳትጽፊልኝ። ጓደኛሽ ሁለት መስመር ትጻፍልኝ፣ "ታስሯል" ትበለኝ፤ ይበቃኛል። አይበቃኝም፤ ግን ይበቃኛል።

ጓደኛሽን ሰላም በይልኝ፤ ቅርጫቱን እንድትሸከምልሽ አባቷ ሆኜ ለምኛታለሁ። እህትሽ "ምስጢሬን አወጣሽብኝ ብላ እንዳትቀየመኝ" ትልሻለች። ሬዲዮ በዘይት ይታሽ ብሏል፤ አትስሚው፣ ሰላምታውን ብቻ ተቀበዪ። እናትሽ አንገትሽን አቅፋ ትስምሻለች። አልጋሽ ላይ የሚነጠፈውን ፍራሽ ዛሬ ፀሐይ ላይ አውጥታ በዱላ እየመታችው ነው፤ ድምፁ እዚህ ድረስ ይሰማኛል። አስገቢው የምልበት አፍ አጥቼ፣ እሷ እስክትጨርስ ብዬ ነው ደብዳቤውን ያስረዘምሁት።

አባትሽ
ከቤትሽ፣ ከመሥሪያ ጠረጴዛዬ ላይ
ኅዳር ፲፬ ቀን